ቨርቹዋል ማሽን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ሜሞሪ ሲበላ፦ የሚፈስበትን ቦታ ማግኛ መንገድ

ሰርቨሩ ሲነሳ 20 ጊጋባይት ነፃ ራም ነበረው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቨርቹዋል ማሽን (በሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ኮምፒውተር) አልተጨመረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን የቀረው 3 ጊጋባይት ነው። አንድ ሌሊት ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ቦታ ሲያጣ አንዱን ቨርቹዋል ማሽን ይገድለዋል። ጠዋት ላይ ሁሉም «ሜሞሪ ሊክ ነው» ይላል።

ሊሆን ይችላል። ሆኖም ቨርቹዋል ማሽን በሚያስተናግድ ሰርቨር ላይ ሊክ የሚባለው ነገር ሲመረመር ብዙ ጊዜ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ካሽ (ለፍጥነት ተብሎ ራም ላይ የሚቀመጥ ቅጂ) ይሆናል፣ ገስቱ (በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ የሚሠራው ሲስተም) ራሱ የነካው ራም ይሆናል፣ ወይም ማንም ያልዘጋው ኮኔክሽን ይሆናል። እውነተኛ ሊክ ሲኖር ፕሮግራሙ ሜሞሪ ይወስዳል፣ ሥራውን ይጨርሳል፣ የወሰደውን ግን አይመልስም። ይህንንም በየዙሩ ይደግመዋል። መለያው መደጋገሙ ነው። ብዙ መብላት ብቻውን ሊክ አያሰኝም።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ለሊኑክስ፣ ለኬቪኤም (ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬደው የሊኑክስ ክፍል) እና ለሊብቨርት (ማሽኖቹን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) ነው። አካሄዱ ለሌሎቹም ይሠራል፤ የሚለያዩበት ቦታ ላይ እግረ መንገዴን እጠቅሳለሁ።

1. ሪስታርት ከማድረግዎ በፊት ማስረጃውን ይያዙ

ሰርቪሱን ሪስታርት ሲያደርጉ ሜሞሪው ይመለሳል፣ ማስረጃው ግን አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ችግሩ እስኪመለስ ሌላ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ነው። እንዲህ ያለው አካሄድ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ፎልደር ይክፈቱና የሚከተሉትን በፋይል ያስቀምጡ። «ፍሪ» የተባለው ትዕዛዝ የሚያወጣውን፤ በፕሮክ ፎልደር ውስጥ ያለውን «ሜምኢንፎ»፤ በሜሞሪ መጠን የተደረደረ የፕሮሰሶች ዝርዝር፤ የከርነሉን ሎግ፤ የሶፍትዌሩንና የከርነሉን ቨርዥን። ለተጠረጠረው ፕሮሰስ ደግሞ በመለያ ቁጥሩ ፎልደር ውስጥ ያሉትን «ስታተስ» እና «ስማፕስ» (የፕሮሰሱ ሜሞሪ በየክፍሉ ተዘርዝሮ) ኮፒ ያድርጉ። የከፈታቸውን ፋይሎችና የትሬዶቹን (በፕሮሰሱ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) ብዛትም ይመዝግቡ። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

2. ራሙ በእርግጥ አልቋል ወይ?

«ፍሪ» ሲያወጣ ብዙ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው «ፍሪ» የሚለው ዓምድ ላይ ነው። የሚነበበው ግን «አቬይለብል» የሚለው ነው። ሊኑክስ ሥራ ፈት ራም አይወድም፤ የዲስክ ካሽ ይሞላበታል። ሲፈለግ ደግሞ ይለቀዋል። «አቬይለብል» በቂ ከሆነና በከርነሉ ሎግ ላይ ፕሮሰስ እንደተገደለ የሚገልጽ መስመር ከሌለ፣ ምናልባት ምንም ችግር የለም።

ሦስት ነገሮች ግን «አቬይለብል»ንም ያሳስታሉ።

የመጀመሪያው ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሲስተም ነው። ዜድኤፍኤስ አርክ የሚባል የራሱ ካሽ አለው። ይህ ካሽ በ«ፍሪ» ላይ እንደ ካሽ አይቆጠርም፤ ጥቅም ላይ እንደዋለ ራም ነው የሚታየው። ፕሮክስሞክስን (ቨርቹዋል ማሽን ማስተናገጃ ሲስተም) በዜድኤፍኤስ የጫነ ሰው «ራሜ ግማሹ የት ገባ?» ሲል መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ በቆዩት ቨርዥኖች አርክ እስከ ግማሽ ራም ድረስ መውሰድ ይችል ነበር። የአርክን ስታትስቲክስ ይክፈቱ፤ የጠፋው ራም እዚያ ካለ ጣሪያውን ዝቅ አድርገው ይገላገሉ።

ሁለተኛው ሂዩጅ ፔጅ (በትልልቅ ቁራጭ የሚያዝ ራም) ነው። አስቀድመው ከያዙት ማንም ባይጠቀምበትም እንደተያዘ ይቆጠራል።

ሦስተኛው ከርነሉ ለራሱ የሚይዘው ስላብ ነው። በ«ሜምኢንፎ» ውስጥ የማይመለሰው ስላብ በየቀኑ ካደገ ችግሩ ከርነል ወይም ድራይቨር ውስጥ ነው። ያኔ ማስተዳደሪያውን መመርመር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል።

3. አስተዳዳሪው ነው ወይስ ማሽኑ ራሱ?

በኬቪኤም እያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን አንድ የኪውኤሙ (ማሽኑን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ፕሮሰስ ነው። አስተዳዳሪው ደግሞ ለብቻው የሚሠራ ሌላ ፕሮሰስ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ መቀጠል አይቻልም።

በሊብቨርት አስተዳዳሪው «ሊብቨርትዲ» ነው፤ በአዲሶቹ ሲስተሞች ሥራው ተከፋፍሎ የኪውኤሙን ድርሻ «ቪርትኪውኤሙዲ» ወስዷል። በፕሮክስሞክስ «ፒቪኢዴሞን»፣ «ፒቪኢፕሮክሲ» እና «ፒቪኢስታትዲ» አሉ። በቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ «ሆስትዲ» እና «ቪፒኤክስኤ» ናቸው። በሃይፐር-ቪ አስተዳዳሪው «ቪኤምኤምኤስ» ሲሆን ለእያንዳንዱ ማሽን ደግሞ አንድ «ቪኤምደብሊውፒ» አለ።

ሃይፐር-ቪ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። የገስቱ ራም በታስክ ማናጀር ውስጥ በ«ቪኤምደብሊውፒ» ስም አይታይም። የሁሉንም ፕሮሰሶች ሜሞሪ ደምረው ከጠቅላላው ጋር ካልገጠመ አይደንግጡ፤ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ፕሮክስሞክስ ላይ ደግሞ «ፒቪኢስታትዲ» ሜሞሪ ለመቀነስ ብሎ ራሱን እንደገና እንዳስነሳ ሎግ ላይ ሲጽፍ ያገኙታል። ይህ ሠሪዎቹ አውቀው ያበጁት መላ ነው። የብልሽት ምልክት አድርገው አይውሰዱት።

4. ያደገው የማሽኑ ፕሮሰስ ከሆነ ሒሳብ ይሥሩ

8 ጊጋባይት የተሰጠው ማሽን ሲነሳ የኪውኤሙ ፕሮሰስ 1 ጊጋባይት ብቻ ይዞ ሊታይ ይችላል። ገስቱ አዳዲስ ራም በነካ ቁጥር ቁጥሩ ይወጣል። 8 ላይ ደርሶ ትንሽ አልፎ ይቆማል። ገስቱ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ራሙን ቢለቅም ሆስቱ (ማሽኖቹን የያዘው ሰርቨር) ላይ ያለው ቁጥር አይወርድም፤ ገስቱ «ይህንን አልፈልገውም» ብሎ ለሆስቱ ካልነገረ በቀር። ለዚህ ባሉን ድራይቨር አለ። ከሊኑክስ 5.7 እና ከኪውኤሙ 5.1 ወዲህ ደግሞ ገስቱ ነፃ ፔጆችን በራሱ እንዲያሳውቅ ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ ወደ 8 የሚወጣው መስመር ሊክ ይመስላል እንጂ አይደለም።

ጥያቄው ከ8 በላይ ያለው ነው። እሱን እንዲህ ያውጡ። የኪውኤሙውን «ስማፕስ» ይክፈቱና መጠኑ ልክ 8388608 ኪሎባይት የሆነውን ክፍል ይፈልጉ። ያ የገስቱ ራም ነው። ከሥሩ «አርኤስኤስ» (በእርግጥ ራም ላይ ያለው መጠን) የሚለውን ቁጥር ከፕሮሰሱ ጠቅላላ አርኤስኤስ ላይ ይቀንሱ። የተረፈው የኪውኤሙ የራሱ ወጪ ነው።

እንበል ጠቅላላው 11200 ሜጋባይት፣ የገስቱ ክፍል 8192 ሜጋባይት ነው። 3 ጊጋባይት ያህል ተረፈ። ይህ ብዙ ነው። ኪውኤሙ ለራሱ በተለምዶ የሚፈልገው ከጥቂት አሥር እስከ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው።

ሊክ ከማለትዎ በፊት ዲስኮቹን ይቁጠሩ። የኪውካው2 የዲስክ ፎርማት በሊኑክስ ላይ በነባሪነት ለአንድ ኢሜጅ (የዲስክ ፋይል) እስከ 32 ሜጋባይት የሚደርስ ካሽ ሊይዝ ይችላል። ስናፕሾት (የዲስኩ የአንድ ጊዜ ሁኔታ ምዝገባ) ሲደራረብ በሰንሰለቱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ኢሜጅ የራሱን ካሽ ይዞ ይመጣል። አራት ዲስክ ያለው፣ በእያንዳንዱ ላይ 10 ስናፕሾት የተደረደረበት ማሽን ከአንድ ጊጋባይት በላይ ለካሽ ብቻ ሊወስድ ይችላል። ባካፕ ፕሮግራሞች ሳያጸዱ የሚተዉትን ስናፕሾት ስንት ሰው ያየዋል? ሰንሰለቱን ያዋህዱ፣ ከዚያ ሒሳቡን እንደገና ይሥሩ።

5. ያደገው አስተዳዳሪው ከሆነ ግራፍ ይሳሉ

አንድ ቁጥር ምንም አይናገርም። በየ5 ደቂቃው አንድ መስመር የሚጽፍ ትንሽ ስክሪፕት ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳ) ላይ ያስቀምጡ። ከ«ስታተስ» ፋይል አርኤስኤሱን፣ ስዋፑን (ከራም ወደ ዲስክ የተዛወረውን) እና «አርኤስኤስ አኖን» (ከፋይል ያልመጣውን ድርሻ) የሚለውን ይውሰድ። የተከፈቱትን ፋይሎች፣ የትሬዶቹን እና በዚያ ሰዓት የሚሠሩትን ማሽኖች ብዛትም ይጨምር።

ስዋፑን አይርሱት። ሊክ የሆነ ሜሞሪ ማንም ስለማይነካው ቀድሞ ወደ ስዋፕ የሚሄደው እሱ ነው። አርኤስኤስ ብቻ ካዩ መስመሩ ቀጥ ብሎ «ተሻሽሏል» ያሰኛል። ሁለቱን ደምሩ።

ሲስተምዲ (ሰርቪሶችን የሚያስነሳውና የሚቆጣጠረው) ለሰርቪሱ የሚያሳየውን የሜሞሪ ቁጥርም እንዳለ አይመኑት። የዲስክ ካሽን ጨምሮ ነው የሚቆጥረው።

ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ቅርጹን ይዩ። ወጥቶ ወጥቶ የቆመ መስመር ካሽ ወይም የጅማሮ ዝግጅት ነው፤ ይተዉት። ቀጥ ብሎ የሚወጣ መስመር በሰዓት የሚሠራ ነገር እንዳለ ይጠቁማል፤ ሞኒተሪንግ ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው። በደረጃ በደረጃ የሚዘል መስመር ካዩ እያንዳንዱን ዝላይ ከሎጉ ሰዓት ጋር ያስተያዩ፤ ባካፕ፣ ማይግሬሽን (ማሽንን ወደ ሌላ ሆስት ማዛወር) ወይም ስናፕሾት ያገኛሉ። ከሜሞሪው ጋር የተከፈቱ ፋይሎችም አብረው የሚያድጉ ከሆነ በቀጥታ ወደ 7ኛው ይዝለሉ።

6. አንዱን ሥራ ብቻ ይደጋግሙ

ይህ የሁሉም እምብርት ነው፤ ጊዜዎን እዚህ ላይ ያጥፉ። ሊክ ከአንድ የተወሰነ ሥራ ጋር የተሳሰረ ነው። ያንን ሥራ ካገኙ ግማሹ አልቋል።

ፕሮዳክሽን ያልሆነ ሆስት ላይ ተመሳሳዩን ቨርዥን ይጫኑ። ዲስክ እንኳ የሌለው ትንሽ ማሽን ይፍጠሩ። ሌላ ማንም እንዳይነካው ሞኒተሪንጉን ያጥፉ። ከዚያ አንድ ሥራ ይምረጡና 100 ጊዜ ይደጋግሙት፤ ለምሳሌ ማስነሳትና ማጥፋት። አርኤስኤሱን ይመዝግቡ። ያንኑ እንደገና 100 ጊዜ፣ ከዚያ እንደገና።

የመጀመሪያውን መቶ ከሒሳቡ ያውጡት። ሶፍትዌሩ ላይብረሪ የሚጭነው፣ ካሽ የሚሞላው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚናገረው። እንበል ቁጥሮቹ 48፣ ከዚያ 61፣ ከዚያ 74፣ ከዚያ 87 ሜጋባይት ሆኑ። በየመቶው 13 ሜጋባይት፣ በአንድ ዙር 130 ኪሎባይት ያህል። እንዲህ እኩል እኩል የሚጨምር ቁጥር ካገኙ ማንም ሊከራከርዎት አይችልም። ቁጥሮቹ 48፣ 61፣ 63፣ 63 ከሆኑ ግን ያ ሥራ ንጹሕ ነው፤ ወደ ሌላው ይለፉ።

ቅደም ተከተሉን ግራፉ ይንገርዎ። ግራፉ ካልረዳዎት በዚህ መንገድ ይሂዱ፦ ዝርዝር መጠየቅ፣ የማሽን ስታትስቲክስ መጠየቅ፣ ማስነሳትና ማጥፋት፣ ዲስክ መሰካትና መንቀል፣ ስናፕሾት መፍጠርና ማጥፋት፣ በመጨረሻ ማይግሬሽን። ቀላሎቹን ያስቀደምኩት ብዙ ጊዜ የሚደጋገሙት እነሱ ስለሆኑ ነው። በ10 ሰከንድ አንዴ የሚጠየቅ ስታትስቲክስ በቀን 8640 ጊዜ ይጠየቃል። በአንዱ ጥያቄ 2 ኪሎባይት ብቻ ቢፈስ በቀን 17 ሜጋባይት ያህል ነው፤ 50 ማሽን ካለ ደግሞ በ50 ያባዙት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የሚሳኩትን ሥራዎች ብቻ አይሞክሩ። የሌለ ዲስክ ለመሰካት ይሞክሩ፣ የሌለ ማሽን ይጥሩ። ፕሮግራመሮች ሜሞሪ መመለስ የሚረሱት በብዛት ስህተት ሲፈጠር በሚኬድበት የኮድ መንገድ ላይ ነው። ቴስቱም እዚያ ላይ ይሳሳል።

7. ጥፋቱ የደንበኛው ሊሆን ይችላል

አስተዳዳሪው ለእያንዳንዱ የተከፈተ ኮኔክሽን ሜሞሪ ይይዛል። ሞኒተሪንግ ስክሪፕቱ በየጊዜው አዲስ ኮኔክሽን እየከፈተ ካልዘጋ የሚያብጠው አስተዳዳሪው ነው። ስሙ የሚጠፋውም የእሱ ነው።

በሊብቨርት ይህንን ማየት ቀላል ነው። «ቪርት-አድሚን» የሚባል መሣሪያ አለ። የደንበኞችን ዝርዝር ይጠይቁት፤ እያንዳንዱ ደንበኛ መለያ ቁጥሩን፣ የተገናኘበትን መንገድ እና ከመቼ ጀምሮ እንደተገናኘ ያሳያል። ሦስት አራት ደንበኛ ሲጠብቁ 400 ካገኙ፣ የተገናኙበት ሰዓትም በእኩል ልዩነት ከተደረደረ፣ ፍለጋው አበቃ። የአንዱን ደንበኛ ዝርዝር መረጃ ይጠይቁ፤ በዚያው ሆስት ላይ ያለ ከሆነ የፕሮሰስ ቁጥሩን ይነግርዎታል። ቁጥሩን ይዘው ባለቤቱን ያግኙ።

ማረጋገጫው ያንን ደንበኛ ማጥፋት ነው። የደንበኞቹ ቁጥር ይወርዳል። አርኤስኤሱ ወዲያው ላይወርድ ይችላል፤ ዋናው ከዚያ በኋላ ማደጉን ማቆሙ ነው። ከዚያ ስክሪፕቱ አንዱን ኮኔክሽን ይዞ እንዲቆይ ወይም ሲጨርስ እንዲዘጋ ያስተካክሉ። ስክሪፕቱ በሲ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ የወሰደውን እያንዳንዱን የማሽን ኦብጀክት በግልጽ መልቀቅ አለበት፤ ይህ ሲረሳ የሚፈሰው ደንበኛው ውስጥ ነው።

8. የተያዘ ግን ያልፈሰሰ

ፕሮግራሙ ሜሞሪውን መልሶ፣ የሲ ላይብረሪው ግን ለከርነሉ ሳያስረክብ ሊቀር ይችላል። ጂሊብሲ (በሊኑክስ የተለመደው የሲ ላይብረሪ) ለትሬዶች አሬና የሚባሉ ክፍሎችን ይፈጥራል፤ በ64 ቢት ሲስተም ላይ እስከ ኮሮቹ ብዛት ሲባዛ በ8። 32 ኮር ባለው ሆስት 256 ይደርሳል። ብዙ ትሬድ ያለው አስተዳዳሪ በእነዚህ ውስጥ ቁርጥራጭ ባዶ ቦታ ይዞ ይቀመጣል።

ለመለየት ቴስት ሆስቱ ላይ ጂዲቢን (የዲበግ መሣሪያ) ከአስተዳዳሪው ጋር ያያይዙና «ማሎክ ትሪም» የሚለውን ፈንክሽን በዜሮ ይጥሩ። አርኤስኤሱ በአንዴ ከወረደ ሊክ አልነበረም። ያኔ የአሬናዎችን ብዛት የሚወስነውን የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል 2 አድርገው ሰርቪሱን ማስነሳት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጂዲቢ ፕሮሰሱን ለአፍታ ያቆመዋል፣ አንዳንዴም ሊያንቀው ይችላል። በሥራ ላይ ያለ ቨርቹዋል ማሽን ፕሮሰስ ላይ በፍጹም አይሞክሩት።

9. ወደ ኮዱ መውረድ

እዚህ ከደረሱ በእጅዎ አንድ ሥራ እና አንድ ቁጥር አለ። መሣሪያው አስተዳዳሪው በተጻፈበት ቋንቋ ይወሰናል።

በሲ ለተጻፈ ቫልግሪንድ የታወቀ ነው። ፕሮግራሙን በ10 እጥፍም በ50 እጥፍም ሊያዘገየው ስለሚችል ቦታው ቴስት ሆስት ብቻ ነው። ሪፖርቱን ሲያነቡ አንድ ወጥመድ አለ። ቫልግሪንድ «በእርግጥ ጠፍቷል» የሚለው ማንም የማይጠቁምበትን ሜሞሪ ነው። አስተዳዳሪው ግን የቆሙ ማሽኖችን በአንድ ዝርዝር ውስጥ እየጨመረ የማያወጣ ከሆነ ሜሞሪው አልጠፋም፤ ዝርዝሩ ይጠቁምበታል። ሪፖርቱ ንጹሕ ይሆናል፣ ራሙ ግን ማለቁን ይቀጥላል። ያኔ ከዚያው ከቫልግሪንድ ጋር የሚመጣውን ማሲፍ ይጠቀሙ፤ በየጊዜው የትኛው ፈንክሽን ምን ያህል እንደያዘ ያሳያል። ሰርቪሱን ሳያስቆሙ ማየት ከፈለጉ የቢሲሲ መሣሪያዎች ስብስብ ውስጥ ያለው «ሜምሊክ» ተወስዶ ያልተመለሰውን ከነጥሪ ሰንሰለቱ ያወጣል። ዲበግ ሲምቦሎችን ካልጫኑ ግን የሚያዩት የቁጥር ክምር ብቻ ነው።

ለጃቫ ከፉል ጂሲ (ጃቫ ራሱ ከሚያደርገው ሙሉ የሜሞሪ ጽዳት) በኋላ የሚቀረውን የሂፕ (የፕሮግራሙ ዳታ የሚቀመጥበት ሜሞሪ) መጠን ይከታተሉ፤ እሱ ካደገ የክላሶቹን ሂስቶግራም በሁለት ሰዓት ልዩነት አውጥተው ያወዳድሩ። ለፓይተን «ትሬስማሎክ» አለ፤ ከ3.4 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር ይመጣል። የሁለት ጊዜ ስናፕሾት አነጻጽረው የትኛው መስመር እንዳደገ ይነግርዎታል።

10. እስኪጠገን ድረስ

መጀመሪያ የቨርዥኑን የለውጥ ዝርዝር ይፈልጉ። ያገኙትን ሥራ ስም ይዘው ከፈለጉ ቀድሞ ተጠግኖ ሊያገኙት ይችላሉ። አፕዴት ብቻ ነው የሚቀረው።

ካልተጠገነ ባግ ሪፖርት ይጻፉ። ቨርዥኖቹን፣ የሚደጋገመውን ስክሪፕት፣ በየመቶው ያደገውን ቁጥር እና የጥሪ ሰንሰለቱን ያስገቡ። «ራም ይበላል» የሚል ሪፖርት ማንም አይከፍተውም።

በዚህ መሃል ሆስቱን ለመጠበቅ ሲስተምዲ ላይ ለአስተዳዳሪው የሜሞሪ ጣሪያ ማስቀመጥና ሲወድቅ እንዲነሳ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ በፊት ማሽኖቹ በሌላ ሲግሩፕ (ገደብ በጋራ የሚጣልበት የፕሮሰሶች ቡድን) ውስጥ መሆናቸውን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ ጣሪያው እነሱንም ይመታል። ሌላው አማራጭ ሰው በሌለበት ሰዓት የታቀደ ሪስታርት ነው። ሊብቨርትም ሆነ የሃይፐር-ቪ «ቪኤምኤምኤስ» ሪስታርት ሲደረግ የሚሠሩት ማሽኖች አይቆሙም። ባካፕ ወይም ማይግሬሽን እየሄደ ግን አይንኩት፤ መሃል ላይ ይቋረጣል።

አዲሱ ቨርዥን ሲመጣ ያንኑ ስክሪፕት በቴስት ሆስቱ ላይ እንደገና ያስኪዱ። በየመቶው 13 ሜጋባይት የነበረው ወደ ዜሮ ከተጠጋ አፕዴቱን ወደ ፕሮዳክሽን ያሳልፉና የሌሊቱን ሪስታርት ከክሮን ያውጡ። የ5 ደቂቃውን መዝጋቢ ግን ይተዉት።